የእናቷ ቋጠሮ

አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ከአዳራሹ ኋላ ባለችው ጠባብ መልበሻ ክፍል፣ የውድድሩ ተቆጣጣሪ ጣቱን ከስዊድን ወደመጣችው ቦክሰኛ አንገት ቀሰረ። ያ ጥቁር ክር ካልወለቀ ሪንግ ውስጥ አትገባም አለ። ጓንቷ ታስሮ በቴፕ ስለተጠቀለለ በገዛ እጇ ልታወልቀው አልቻለችም። እዚያው አቅራቢያ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ የመጣችው አክስቷ ከወንበሯ ተነሳች። ይህን ስፖርት አንድም ቀን ወዳው አታውቅም፤ የመጣችውም "በቃሽ" ልትላት ነበር።

"ማተብ እኮ ነው! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስትጋጠሚ ማን ነበር የሚፈታልሽ?"

"እማዬ። ትፈታውና በራሷ አንገት ታስረዋለች። ባሸንፍም ብሸነፍም ስመለስ መልሳ ታስርልኛለች።" ልጅቷ አቀረቀረች። "ይሄ የመጨረሻ ቋጠሮዋ ነው። ይሄን ባሰረችልኝ በሁለተኛው ሳምንት ሞተች።"

አክስቷ ጣቶቿን ቋጠሮው ላይ አሳረፈች። ትንሽ፣ ጠንካራ፣ ሦስቴ የዞረ ቋጠሮ፤ የእህቷን እጅ አወቀችው። ውጭ የቦክሰኛዋ ስም ሲጠራ ሕዝቡ ጮኸ። አሠልጣኙ በሩን ከፍቶ ቆመ።

"መቀስ ስጡኝ" አለች አክስቷ።

"አክስቴ! ማተብ ይቆረጣል እንዴ?"

"ዝም በይ።"

ከቋጠሮው ራቅ አድርጋ፣ በማጅራቷ በኩል፣ ክሩን ቆረጠችው። ሁለቱን ጫፎች ከራሷ ማተብ ጋር አሰረቻቸው፤ የእህቷ ቋጠሮ ሳይፈታ ደረቷ ላይ ዋለ። ከዚያ የልጅቷን ባዶ አንገት በመዳፏ አበሰችላት።

"በይ ሂጂ። ስትመለሺ እኔ አስርልሻለሁ።"