የቀዩና የሰማያዊው ቦርድ ጠበቆች

የኮምፒውተር መደብሩ ባለቤት በዓመት አንድ ጊዜ ማዘርቦርድ፣ የኮምፒውተሩን ዋና ሰሌዳ፣ ያስመጣሉ። የሚያስመጡትንም አወዳድረው ይመርጣሉ። አወዳደራቸው ታዲያ የራሳቸው ነው፤ ለእያንዳንዱ ቦርድ አንድ ቴክኒሻን “ጠበቃ” ይሾሙለታል። ጠበቃው ቦርዱን ይገጣጥማል፣ ያስተካክላል፣ ሲነኩበትም ይሟገትለታል።

ዘንድሮ ለፍጻሜ የደረሱት ቀዩና ሰማያዊው ናቸው። የቀዩ ጠበቃ አፉ ስለማያርፍ “ሞተር” የሚሉት ወጣት ነው። የሰማያዊው ጠበቃ ደግሞ የሰው ስህተት ማለፍ ስለማይሆንላት “ወይዘሪት ትክክል” የተባለች ልጅ ናት። ከጠዋት እስከ ማታ ሲነካከሱ ይውላሉ።

“ያንቺ ቦርድ እስኪነሳ እኮ ጋሼ ጡረታ ይወጣሉ፤” ይላል ሞተር።

“ያንተስ? እንደ ጠበቃው ቶሎ ይግላል፣ ሥራ ግን የለም።”

“እሱን ሰዓቱ ይናገራል፣ እመቤቴ!”

“ሰዓቱማ ትናንት ተናግሯል። አንተ ስታወራ አመለጠህ እንጂ።”

ሐሙስ ዕለት ባለቤቱ ሁለቱንም ጠሯቸው።

“ልጆቼ፣ ገበያውን እያያችሁት ነው። ከእንግዲህ ሁለት ቴክኒሻን ማሠራት አልችልም። ማንን ላስቀር ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ስለዚህ ቦርዶቹ ይወስኑ፤ ነገ ከምሳ በኋላ የመጨረሻው ፈተና ነው። ያሸነፈው ቦርድ ጠበቃ ይቀራል።”



“እህትሽን የምታስተምሪያት አንቺ ነሽ አይደል?” አላት ሞተር ሲወጡ።

“ምን አገባህ? ይልቅ የእናትህ መድኃኒት እንዳያልቅ አስብበት።”

ባለቤቱ ይህን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው የሚጣላውን ሰው ጓዳ እንዲህ አጥንቶ ሲያውቅ ለደግ አይደለም ብለው አሰቡ።

ዓርብ ጠዋት ሁለቱም ቦርዶች እንደ ጥይት ነበሩ። ፕሮሰሰሩ ያው፣ ሜሞሪው ያው፣ የሚሰጣቸውም ሥራ ያው አንድ ረጅም ቪዲዮ ጨምቆ ማሳነስ ነው፤ ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል። ከምሳ በኋላ ግን ቀዩ ገና ከመጀመሩ ጋለና መንፏቀቅ ያዘ። ባለቤቱ “ሰማያዊው አሸነፈ!” ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ሰማያዊውም ኤሊ ሆኖ አረፈው።

አስቁመው መረመሩ። የቀዩ ማቀዝቀዣ ብሎኖች ላልተዋል። ከሰማያዊው ላይ ደግሞ ከሜሞሪዎቹ አንዱ የለም።

“ይሄ በራሱ የሚሆን ነገር አይደለም። ማነው የነካው?”

ሁለቱ ጠበቆች ተያዩ። ሞተር ባዶውን የሜሞሪ ማስገቢያ፣ ወይዘሪት ትክክል የላሉትን ብሎኖች አፍጥጠው ያያሉ።

“አንቺ… ምንድነው ይሄ?” አለ ሞተር።

“አንተስ? አእምሮህን ስተሃል?”

“በቃ!” አሉ ባለቤቱ። “ስትነካከሱ እንደ ቀልድ አይቼ እስቅ ነበር። ለካ አንዱ የሌላውን ጉሮሮ ለመዝጋት ኖሯል! ሁለታችሁንም ነው የማሰናብተው። ግን መጀመሪያ ማን እንደጀመረ ልየው፤ ካሜራው የተሰቀለው ለጌጥ አይደለም።”

“ጋሼ፣ ካሜራው ይቅር፤” አሉ ሁለቱም እኩል።

“አሃ! አሁን አፈራችሁ?”

“እኔ ልሂድ፣ እሷን ይተዋት፤” አለ ሞተር።

“አርፈህ ተቀመጥ! የምሄደው እኔ ነኝ፤” አለችው፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ባለቤቱ ጸጸታቸው ዘግይቷል ብለው የምሳ ሰዓቱን ቀረጻ ከፈቱ።

መጀመሪያ ሞተር ብቻውን ገባ፤ በሰማያዊው አጠገብ አለፈና የራሱን የቀዩን ብሎኖች አንድ በአንድ አላላ፤ እሱ እንደወጣ ወይዘሪት ትክክል ገባች፤ ቀዩን ዞር ብላ እንኳ ሳታይ ከራሷ ሰማያዊ ላይ አንድ ሜሞሪ ነቅላ ኪሷ ከተተች።