የክትባት ክፍሉ ሽታ

ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ሁሉ በእሷ እጅ ማለፍ ነበረበት። ክንዱን ይሰጣል፣ መርፌዋን ይቀምሳል፣ ቢጫውን የክትባት ካርድ ተቀብሎ ይወጣል። በስሟ የሚጠራት የለም። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ሲስተር አልኮል» ይሏታል። የበር እጀታ እንኳ በአልኮል ሳትወለውል አትነካም፤ ጓንትም ሁለት ሁለት ትደርባለች።

ሰው ይቀፋታል። መንገደኛ ደግሞ የባሰ ነው። ሲጣደፍ ይመጣና ላብ የጠጣ ብብቱን አፍንጫዋ ሥር ይከፍትላታል። ፊቷ ላይ የሚያስል አለ። መርፌ ፈርቶ ጫማዋ ላይ ያስታወከባትም አለ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ከተቸነከረ ቆይቷል።

አላስችል ሲላት ከቤቷ የአየር ማራገቢያ አመጣች። የክፍሉ ሁለት ሶኬቶች ያሉት ከክትባቱ ማቀዝቀዣ ጀርባ ነው። እዚያ አቧራው እንደ ጥጥ ተከምሯል፤ በረሮ ይርመሰመሳል። ማንም የማይጠቀምበትን የአሮጌውን ውሃ ማፍያ ገመድ ልትነቅል ፊቷን አዙራ እጇን በዳበሳ ሰደደች። ነቀለች፣ የራሷን ሰካች፣ ጓንቱን ወዲያው ጣለችው። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮሃል፤ ግን የሰዉን ላብ ገፋላት።

በማግስቱ ወለሉ ላይ ውሃ ተኝቶ አገኘች። የጽዳት ሠራተኛዋን አስጠራቻት።

«ወልውዪ ስልሽ አራጭተሽ ሂጂ አልኩሽ?»

ሴትዮዋ እኔ አላፈሰስኩም ብላ ማለች። ማን ሊያምናት። ጠና ያለች ናት፤ ጥፍሯ የተሰነጣጠቀ፣ ሽርጧ ሁልጊዜ እርጥብ። ሲስተር ከመንገደኛ ሁሉ ይልቅ እሷን ትጸየፋለች። ያለፈችበትን ቦታ ሳይቀር በአልኮል ትወለውላለች።

ሽታው የጀመረው በዚያው ሳምንት ነው። የሚኮመጥጥ፣ ሕፃን ያስመለሰበትን ጨርቅ የሚመስል ሽታ። ማራገቢያው እያነሳ ክፍሉን ሙሉ ያዞረዋል። ሲስተር ወለሉን አጠበች፣ ቆሻሻ መጣያውን ቀየረች፣ የመንገደኞቹን ጫማ ሳይቀር ጠረጠረች። አልለቀቀም።

በዚህ መሃል አንድያ ልጇ ውጭ አገር ሥራ አገኘ። አገሩ ረግረግ ነው፤ ትንኙ አያስቀምጥም። አባቱም ለሥራ የሄደው እዚያው ነበር። ሳይከተብ፣ ካርዱን ብቻ ገዝቶ። ዓይኑ ቢጫ፣ ትውከቱ ጥቁር ሆኖ አለቀ፤ የመጣላት ሬሳው ነው። አልኮሉን የጨበጠችው ከዚያ ወዲህ ነው።

ልጁን ለማንም አልሰጠችም፤ ራሷ ወጋችው። መከላከያው ሰውነቱን እስኪይዝ ብላ፣ ሊበር አሥር ቀን ሲቀረው።

«እማዬ፣ ክንዴን ልትልጪው ነው እንዴ?» አላት፣ አልኮሉ ሲበዛበት።

«ዝም በል። እኔ የወጋሁት ሰው በቢጫ ወባ አይሞትም።»

እውነትም በሥራዋ ማንም አይነካትም። የማቀዝቀዣው በር ላይ የሙቀት መመዝገቢያ ተለጥፏል። ጠዋት አራት ዲግሪ፣ ማታ አራት ዲግሪ፤ የእጅ ጽሕፈቷ የታተመ ይመስላል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቅዝቃዜው ያመልጣል ባይ ስለሆነች፣ የሳምንቱን ቁጥር ሁሉ ሰኞ ጠዋት አስቀድማ ትሞላዋለች። መድኃኒት ስታወጣም ትንፋሿን ይዛ ላፍ አድርጋ ትዘጋለች። የውስጡ አምፖል ከተቃጠለ ዓመት አልፎታል፤ ጥገና ክፍል ነገ ነገ እያለ ነው።

ልጇን በሸኘችበት ቀን ሽታው ባሰ። አንድ ወፍራም ነጋዴ ክንዱን ሰጥቶ ተቀምጦ ሳለ አፍንጫውን ያዘና፣ እዚህ ክፍል አይጥ ሳይሞት አልቀረም አለ። ሲስተር ፊቷ ቀላ። ነጋዴውን ሸኝታ፣ የስልኳን መብራት አብርታ፣ ማቀዝቀዣውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሸች። ከክትባቱ ሳጥን ጀርባ የላስቲክ ጠርሙስ ተወሽቋል። ክዳኑን ስትከፍተው ተንፍሶ እጇ ላይ ተረጨ። የረጋ ወተት ነበር፤ ላዩ ቢጫ ውሃ፣ ሥሩ እንክብል እንክብል። ሲስተር መታጠቢያው ላይ ጎንበስ ብላ ቁርሷን መለሰች።

«የኔ ነው ሲስተር» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ስትጠራ። «ለጨጓራዬ ወተት ጠጪ ስላሉኝ ነው።»

«ከክትባት ጋር? የሰው ነፍስ ካለበት ጋር?»

«ትናንት ያፈላሁት ነው። ዓመት ሙሉ እዚህ ሳስቀምጥ ተበላሽቶብኝ አያውቅም። ሰሞኑን ምን እንደነካው እንጃ።»

«ዓመት ሙሉ» አለች ሲስተር። ሌላውን አልሰማችም።

ሲስተር ለኃላፊው ነገረችው፤ እሱም አላመነታም። ሴትዮዋ በዚያው ዕለት ሽርጧን አጥፋ አስረከበች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«ልጅሽ በሰላም ይግባልሽ፣ ሲስተር።»

ሲስተር እጇን እየታጠበች ነበር። ልቧን የበላት ሌላ ነው፤ ያ ወተት የልጇን መድኃኒት ነክቶት እንደሁስ? ብልቃጦቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ክዳናቸው እንደታሸገ ነው። ተነፈሰች።

በማግስቱ ልጇ ደወለ። በሰላም ገብቷል። ትንኙ ግን ሻንጣዬን ሳላወርድ ገና አውሮፕላን ጣቢያው በር ላይ በላኝ ብሎ ሳቀ።

«ይብላህ፣ ተከትበሃል» አለችው እሷም ስቃ።

ስልኩን አስቀምጣ እጅጌዋን ሰበሰበች። ሽታውን ከነሥሩ ልትነቅለው ቆርጣለች። ባልዲና ሳሙና አመጣች፣ ጓንቷን ደረበች፣ ማቀዝቀዣውን በትከሻዋ ገፍታ ከግድግዳው አራቀችው።

በአንዱ ሶኬት የማራገቢያዋ ገመድ ተሰክቷል፤ በሌላው የአሮጌው ውሃ ማፍያ ገመድ እንደተሰካ ነው፤ ከማቀዝቀዣው የወጣው ሦስተኛው ገመድ ወለሉ ላይ አቧራ ለብሶ ተኝቷል።