ኪሱጉ የተሰቀለው ወደብ

«ጋሽ ዘርእሰናይ፣ ወይ ይህን ስዕል ያውርዱት፣ ወይ ሁለተኛ እዚህ ቤት አልበላም!»

እንዲህ ብሎ የጮኸው ልደቱ ነው... የአየር መንገድ ሠራተኛ።

ቦታው ካምፓላ፣ ኪሱጉ ሰፈር ያለ የሐበሻ ምግብ ቤት። ጊዜው እ.ኤ.አ. 2005።

ስዕሉ በውሃ ቀለም የተሳለ የአሰብ ወደብ ነው። መርከቡ፣ ክሬኑ፣ ጆንያ ተሸክሞ የሚጋፋው ሰው... ጫጫታው ሁሉ የሚሰማ ይመስላል።

«ወደቡን መውሰዳችሁ አንሶ ስዕሉን ምሳችን ላይ ትሰቅሉብናላችሁ?» አለ።

አባቱ እዚያ ወደብ ይሠሩ እንደነበር ግን ትንፍሽ አላለም።

ኤርትራዊው የምግብ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ዘርእሰናይ ረጋ ብለው፣ «ወደይ... ልጄ፣ የስዕሉን ምልክት ለሚነግረኝ ሰው ብቻ ነው የማወርደው» አሉት።

የቀለዱበት መሰለው። ቦዳ ሞተር አስቁሞ እብስ አለ።

መቼም ሐበሻ ሲገናኝ መጀመሪያ «የማን ልጅ ነህ?» ነው የሚለው አይደል?

እዚያ ቤት ግን ከኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነት ወዲህ ማንም ማንንም እንዲህ አይጠይቅም ነበር... ነገር እንዳይነሳ ተብሎ!

ከወራት በኋላ የልደቱ እናት፣ እማማ ቦጋለች፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ መጡ።

የኡጋንዳው የሙዝ ምግብ፣ ማቶኬው፣ አልወርድ አላቸው። «እባክህ እንጀራ ያለበት ውሰደኝ።»

ልደቱ ምን ያድርግ? ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ኪሱጉ ወሰዳቸው።

እናት ገና ከበሩ ስዕሉን አይተው ክው ብለው ቀሩ።

«ይሄ የአባትህ እጅ ነው...»

«እማዬ፣ ወደብ ሁሉ ይመሳሰላል።»

«ከጀርባው የካውያ ጠባሳ ካለው የአባትህ የአድማሱ ነው! ወረቀቱ በውሃው ተጨማዶ ላቃናው ስል አቃጠልኩት። አንተን ልወልድ ከአሰብ አዲስ አበባ ስገባ ስዕሉ እሱ ዘንድ ቀረ።»

ጋሽ ዘርእሰናይ ወንበር ላይ ወጡ፣ ስዕሉን አወረዱ፣ ገለበጡት።

ጠባሳው አለ...

«አሰብ ጎረቤቴ ነበር» አሉ። «ጦርነቱ ሲነሳ ተጣድፎ ወጣ። 'አደራ፣ ምልክቱን ለሚነግርህ ስጥልኝ' አለኝ። ይኸው፣ የሚያውቀው ሰው ቢያየው ብዬ በሄድኩበት ሁሉ እሰቅለዋለሁ።»

ከዚያ በጉጉት፣ «እሱስ ደህና ነው?» አሉ።

እማማ ቦጋለች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

ጋሽ ዘርእሰናይ አድማሱ እንደሞተ ገባቸው። ተቃቅፈው አለቀሱ።

ልደቱስ? አፈረ። ስዕሉን ተቀብሎ ብዙ አየው... ከዚያ ወንበሩ ላይ ወጥቶ እዚያው ቦታው ላይ መልሶ ሰቀለው።

«እዚሁ ይሁንልኝ ጋሼ። እየመጣሁ አየዋለሁ።»

ወዳጆቼ... አደራ ድንበር አይዘጋበትም። ልደቱ ጠላት መስሎት የኖረው የአባቱን አደራ የጠበቀለትን ሰው ነው። አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበር የጎደለችው።

እናንተስ... በየቀኑ እያያችሁት «የማን ልጅ ነህ?» ብላችሁ ያልጠየቃችሁት ሰው የለም? እስቲ ማን እንደሆነ ጻፉልኝ።