ሦስተኛው ጉልቻ

ይርገዱ ድንጋዩን በነጠላዋ ጠቅልላ የወደቡ ግንብ ላይ ስትወጣ ማዕበሉ እግሯን አራሰው። ባሕሩ በየሳምንቱ አንድ ጣት ከፍ ማለት ከጀመረ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ግንቡን ከፍ ለማድረግ ድንጋይ ያላመጣ ሰውም ለዓሣ መንጠቆ እንዲጥል አይፈቀድለትም። ሜዳው ተለቅሞ አልቋል፤ መቃብር ላይ እንኳ ድንጋይ አልቀረም።

«እስቲ አሳዪኝ» አላት ዘበኛው ማንደፍሮ።

ገለጠችው። ድንጋዩ ጥቀርሻ ለብሷል።

«የምድጃሽን ጉልቻ?»

«ምን ላድርግ? ሆዴ ባዶውን ሲያድር ሦስት ቀኑ ነው።»

ማንደፍሮ ተቀብሎ ከግንቡ አናት ደረደረው። ከግራም ከቀኝም ያሉት ድንጋዮች እንደዚሁ ጥቀርሻ የለበሱ ነበሩ።

ይርገዱ መንጠቆዋን ወረወረች። ብዙም ሳይቆይ ክሩ ተወጠረና መዳፏን ይበጣት ጀመር።

«ልቀቂው! ትልቁ ማዕበል መጣ!» ብሎ ጮኸባት።

«ብሞት አልለቅም!»

ውሃው ከራሷ በላይ ሲያልፍ ማንደፍሮ መቀነቷን ጨምድዶ ይዞ ከግንቡ ጋር ተጣበቀ። ማዕበሉ ሲመለስ ሁለቱም እያሳሉ ተቀምጠዋል፤ ዓሣው እግራቸው ሥር ይፈራገጣል።

«በሁለት ጉልቻ ድስት አይቆምም» አላት ትንፋሹ ሲመለስ። «በምን ልትቀቅዪው ነው?»

«አንተ ቤት ስንት ቀረ?»

«አንድ።»

«እኔ ቤት ሁለት አለ።»

ማንደፍሮ ቀና ብሎ አያት። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ብሎ ስለ ቤቱ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ሊስቅ ቃጣውና ዓይኑ ወደ ግንቡ አናት ሄደ። የይርገዱን ጉልቻ ውሃው አጥቦት እንደ ማንኛውም ድንጋይ ሆኗል።

«ሦስት ሞላ» አላት። «ነገስ ለግንቡ ምን እንሰጣለን?»