ውሃ የሌለው ወንዝ

«ባለታሪኳ ወንዝ ገብታ ትሞታለች! ከቼክ አገር የመጣው ኦፔራ የሚያልቀው እንደዚያ ነው» አለ ድርሰቱን ወደ አማርኛ የመለሰው መምህር በዛብህ።

«ጋሼ፣ የጅግጅጋ ወንዝ እኮ ደርቆ አሸዋ የሚጫንበት ነው። ሰው ይስቅብናል!» አለ ኪቦርድ ተጫዋቹ ማቲዎስ።

ባለታሪኳን ሆና የምትዘፍነው ሪሐና መድረኩ ላይ ቆማ የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠመጥም ነበር። ነገ ኤረር ወርዳ ልታገባ ነው፤ የእጮኛዋ ቤተሰቦች ዘፋኝ ሙሽራ አይፈልጉም። የመጨረሻውን ዘፈን ዛሬ ካልቀዱላት ሌላ ቀን የላትም።

«ጋሼ፣ አንዴ ልዝፈነው፤ ከዚያ ትጨቃጨቃላችሁ» አለች።

«ቆይ የኔ ልጅ፣ መጀመሪያ አሟሟትሽ ይለይለት» አላት በዛብህ ዞር ሳይል።

ውጭ ሊወስዳት የመጣው ወንድሟ የባጃጁን ጡሩምባ ደጋግሞ ነፋ። «እንግዲያው ጉድጓድ ትግባ!» አለ ማቲዎስ። «ጉድጓድ ደግሞ መቼ ኦፔራ ይሆናል?» ብሎ በዛብህ ጮኸ። ሪሐና ማይክራፎኑን ወንበር ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠች፣ ጫማዋን አጠለቀችና በጎን በር ወጣች።