ውሃ የማይጠማቸው ባትሪዎች

በ1989 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ፣ ሴቻ ሰፈር ዳገቱ ላይ ያለው የስልክ ማስተላለፊያ ጣቢያ መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ይሞት ጀመር። አርባ ምንጭ ላይ ደግሞ መብራት ለመጥፋት ምክንያት አይፈልግም።

እንደ ደንቡ መሞት አልነበረበትም። ሬክቲፋየር የሚባለው መሣሪያ የመብራቱን ኃይል ወደ ቀጥታ ኃይል እየለወጠ ጣቢያውን ይመግባል፤ ጎን ለጎንም ባትሪዎቹን ይሞላል። መብራት ሲሄድ ባትሪዎቹ ተረክበው እስከ ማግስቱ ያደርሳሉ። አሁን ግን ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆዩም። አንድ የዶርዜ ሰው አዲስ አበባ ለሚሸምን ወንድሙ ደውሎ "እናታችን…" እንዳለ መስመሩ ተቋረጠ። ወንድምየው ለቅሶ ተቀመጠ። ሴትየዋ ያደረጉት ነገር ላም መግዛት ነበር።

የጣቢያው ቴክኒሻን ደግፌ ነው። ከሚስቱ ከልክነሽ ጋር እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በመሥሪያ ቤቱ ቤት ይኖራል። ልጅ የላቸውም፤ የራሳቸው ቤትም የላቸውም። ሥራው ከሄደ ቤቱም ይሄዳል። ይህን ሁለቱም ያውቁታል። ኃላፊው ሰይፈሥላሴ ደግሞ ከሁለቱ አብልጦ ያውቀዋል፤ ፈቃደ የሚባል ሥራ የሚጠብቅ የአጎት ልጅ አለው። ፈቃደ አዲስ ሙሽራ ነው፤ ቤት ይፈልጋል።

ነገሩ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። ሬክቲፋየሩ ውስጥ ዳዮድ የምትባል አንዲት ትንሽ ዕቃ ተቃጥላ ጣቢያው ግማሽ ቀን ዝም አለ። ደግፌ በዚያው ቀን ለውጦ አስነሳው። ሰይፈሥላሴ ግን ግቢው ድረስ መጣና ልክነሽ ልብስ እያሰጣች ባለችበት ጮኸ።

"ስማ ደግፌ፣ እነዚህ ባትሪዎች ሁለተኛ ከከዱን ጓዝህን ትጠቀልላለህ!"

"የተቃጠለው ዳዮድ ነው፣ አቶ ሰይፈሥላሴ። ባትሪዎቹ ምንም አልሆኑም።"

"እኔ ዳዮድ ምናምን አላውቅም። ባትሪ ነው የማውቀው።"

እሱንም አያውቅም ነበር፤ ግን ኃላፊ ነው።

ደግፌ የሥራ ነገር ቤት የሚያስገባ ሰው አይደለም። ልክነሽ ስትጠይቀው "ተይው" ይላል፤ ትተወዋለች። እሑድ እሑድ እሱ ከመሣሪያዎቹ ጋር ሲውል እሷ ቅዳሴ ትሄዳለች፤ ስትመለስ የባትሪውን ክፍል ትጠርግለታለች። መሥሪያ ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ አልቀጠረም። ሚስት እያለች ምን ያደርግለታል?

የክፍሉ ቁልፍ ሁለት ነው። አንዱ ከደግፌ በር ጀርባ ምስማር ላይ፣ ሌላው ከሰይፈሥላሴ መሳቢያ ውስጥ።

ግንቦት ላይ ሶፎንያስ የሚባል መሐንዲስ ከአዲስ አበባ ተላከ። ጥሩ ሠራተኛ ነው፤ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ወረደ። መጀመሪያ ሬክቲፋየሩን ለካ።

"ሃምሳ አራት ቮልት። አይወዛወዝም። ይኼ ጤነኛ ነው።"

ፊውዙን አየ፤ ደህና ነው። የገመዶቹን መጋጠሚያ እየነካካ ፈተሸ፤ ጥብቅ ነው፣ ዝገትም የለው። ከዚያ መብራቱን አጠፋና ባትሪዎቹን ብቻቸውን ተዋቸው። የቮልት መለኪያው ቀስት ከደረጃ እንደሚወርድ ሰካራም ተንከባለለ።

የባትሪዎቹን ክዳን ከፈተ። ሁሉም እስከ ምልክቱ ሞልተዋል።

"ውሃ የጨመርክላቸው መቼ ነው?"

"ከመስከረም ወዲህ አልጨመርኩም። በየሳምንቱ አያለሁ፤ አይጎድሉም።"

"በዚህ ሙቀት? ስምንት ወር ሙሉ ውሃ የማይጠማው ባትሪ የት አገር ነው ያለው?"

"እኔንም ገርሞኛል።"

"ገርሞታል!" አለ ሰይፈሥላሴ። "እሱ ሲገርመው አገር ስልክ አጣ።"

ለባትሪ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ መጋዘን ውስጥ እንደታሸገ ተገኘ። ሶፎንያስ ከአንዱ ባትሪ ጥቂት ቀዳ፤ ከያዘው የመመርመሪያ ብልቃጥ ጠብ አደረገበት። እንደ ወተት ነጣ።

"ጨው ያለበት ውሃ ገብቶበታል" አለ። "የምንጭ ሳይሆን አይቀርም። ለባትሪ መርዝ ነው። በአንድ ቀን የተደረገ አይደለም፤ ሰው እየተመላለሰ፣ ትንሽ በትንሽ ያደረገው ነው።"

ደግፌ ወደ ሰይፈሥላሴ ዞረ። "ሁለተኛው ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ ይጠየቅልኝ።"

"እኔን ነው?" ሰይፈሥላሴ አንገቱን በመሐረብ ጠረገ። "አንተ እኔን?"

መሐንዲሱ ሁለቱን ተራ በተራ አየ። አንደኛው የሥራ ልብስ ለብሷል፤ ሌላው ማኅተም ይዟል። የሚያዋጣውን መረጠ፤ ጥፋቱን በደግፌ ላይ ጻፈ።

ደግፌ ቤት ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ምን አሉህ?" አለች ልክነሽ።

"ባትሪዎቹ ሞተዋል። ሰይፈሥላሴ የልቡን አደረሰ።"

"ሞቱ? እንዴት ይሞታሉ?" አፏን በነጠላዋ ያዘች። "የእጁን ይስጠው!"

ሴቻም እንደዚያው ፈረደ። ሰይፈሥላሴ ባለፈ ቁጥር ሻጮቹ ወሬ ያቆማሉ፤ የሙዝ ዋጋም ይጨምሩበታል።

ባልና ሚስቱ ጫኖ በምትባል ገጠር፣ የደግፌ ወንድም ማሳ ዳር ሊጠጉ ጓዛቸውን ጫኑ። የእነሱን አልጋ የምትወስደው ፒክአፕ የፈቃደን አልጋ አውርዳ ነው የተነሳችው። የፈቃደ ሚስት ሃና እፍረት ይዟት አጥር ጥግ ቆማ ነበር። ልክነሽ ሄዳ እጇን ያዘቻት።

"በእናንተ አልፈርድም፣ እህቴ፤ እንጀራ ነው" አለቻት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ብቻ አደራሽን፤ እኔ ከጥቅምት ጀምሮ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ፣ ለደግፌ ሳልነግረው፣ የእያንዳንዷን ባትሪ ክዳን እየከፈትኩ ጠበል አጠጣቸው ነበር፤ በሁዳዴ አንድ እሑድ አሞኝ አስታጎልኩና ይኸው ጉድ አደረጉን፤ አንቺ እንዳታስታጉይ።"