ነጩ ክር

ላክለን ለአራተኛ ጊዜ ከመቀመጫው ተነሥቶ አንገቱን ወደ መስኮቱ አሰገገ። ባቡሩ ላርበርትን አልፎ ሜዳ ላይ ቆሟል። ሐዲዱ ላይ በጎች ወጥተዋል ተብሏል። ሰባት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ዛሬ የምትዳረው ልጁ ኤይሊ በስምንት ሰዓት ስተርሊንግ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሆና ክንዱን ይዛ ልትገባ ትጠብቀዋለች።

ገና ቀና ከማለቱ ከበስተኋላው ሳቅ ፈነዳ።

ዞር አለ። በቅርቡ የምታገባ ጓደኛቸውን ሊያዝናኑ ከግላስጎው የተሳፈሩ አራት ሴቶች ሮዝ ጥብጣብ በደረታቸው አጋድመው፣ የጂን ጣሳ ጨብጠው ተቀምጠዋል። የላስቲክ ዘውድ የደፋችው አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ ከሥር ምን ለብሰዋል?»

«ጫማ» አላት።

ጓደኞቿ አጨበጨቡ። አባቱም አያቱም ይህንኑ ሲመልሱ ሰምቷል፤ ጥያቄውም ያው ነው። ኪልት፣ ማለት ጉልበት ድረስ የሚደርሰውን የስኮትላንድ ወንዶች ሽንሽን ቀሚስ፣ የለበሰ ወንድ በገዛ አገሩ መንገድ ላይ የአላፊ አግዳሚው ንብረት ነው። ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ መወጣጫ ላይ የቆመ ግንበኛ «የኔ ቆንጆ፣ በዚህ ነፋስ ያንን እግርሽን ይዘሽ ወዴት ነው?» ብሎ ጮኾበት ነበር። ጣቢያው ውስጥ ባልና ሚስት ቱሪስቶች ከፊቱ ፎቶ አነሡት፣ አመሰገኑት፣ ከዚያ ዞረው ከጀርባው አነሡት። ይህን ሁሉ ለምዶታል። ያልለመደው፣ ሳቁ ዛሬ ከኋላው ብቻ መምጣቱን ነው።

ተመልሶ ተቀመጠ። አልተመቸውም። ኪልቱ ከሥሩ እንደ ሳንቃ ደረቀበት። ሽንሽኑ ከኋላ፣ ለጥ ያለው ከፊት፤ አልገለበጠውም። ዘለበቶቹ ተቆልፈዋል። ከኪልቱ ጋር የምትታጠቀው የቆዳ ቦርሳም ከሆዱ በታች መሐል ላይ ተንጠልጥላለች። ታዲያ ምንድን ነው?

ሱሪ ልልበስ ብሎ ሦስት ሳምንት ተከራክሮ ነበር። «እማዬ የሰፋችልህን ካልለበስክ ብቻዬን እገባለሁ» አለችው ኤይሊ። ሚስቱ ኤልስፔት ካረፈች ወዲህ አራት ዓመት ያልተነካውን ጥቅልል ዛሬ ንጋት ላይ ከቁም ሣጥኑ አውጥቶ፣ ፊት ፊቱን ብቻ በምታሳየው የመታጠቢያ ቤት መስታወት ታጠቀው።

ስልኩ ነዘረ። «አባዬ የት ደረስክ?»

«ደርሻለሁ» ብሎ ጻፈና አጠፋው። «በጎች» ብሎ ጻፈ፤ እሱንም አጠፋው። ተነሣ።

ደግሞ ሳቅ።

«ልጄን ልድር ነው የምሄደው» አለ ወደ ሴቶቹ ዞሮ። ድምፁ ካሰበው በላይ ጮኸ። «የሚያስቅ ነገር ካለ ንገሩኝና እኔም ልሳቅ። እዚያ ሰው ሁሉ ፊት ከማፍር እዚሁ ልፈር።»

ባለ ዘውዷ ቀላች።

«እኔ ልሙት ጋሼ፣ የሚያውቁት መስሎን ነው። ከኋላዎ ነጭ ክር አለ። ከዳር እስከ ዳር።»

እጁን ወደ ኋላ ሰደደ። ጣቱ አንድ ረጅም ስፌት ነካ፤ ቀጥሎ ሌላ። ክሩ ከጠርዙ ከፍ ብሎ ሽንሽኖቹን እርስ በርስ ጠፍሮ ይዟቸዋል።

ከፊት ለፊቱ ሹራብ ሲሠሩ የቆዩ አሮጊት መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ። «እስቲ ዙር፣ ልጄ።»

ዞረ።

«ይኼ እንኳ ጉድለት አይደለም። ኪልት ሲቀመጥ ሽንሽኑ እንዳይዛነፍ እንዲህ ይያዛል። ሲለበስ ይፈታል። እጇ የተባረከ ናት የሰፋችው፤ አንዱ ስፌት ከአንዱ አይበልጥም። አንተ ሳትፈታው ለብሰኸው ነው እንጂ።»

«እንደሚፈታ አላውቅም ነበር።»

«ምነው፣ ለብሰህ አታውቅም?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ለብሻለሁ።»

አሮጊቷ ቀና ብለው አዩት። ሹራባቸውን መልሰው አነሡ።

«እንዲህ ተጠፍረው ነው ታዲያ የሚደንሱት?» አለች ባለ ዘውዷ። ጣሳዋን ለጎረቤቷ አቀብላ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። «ይቁሙልኝ፣ እኔ እፈታዋለሁ። ፎቶ የሚያነሣ ወዮለት! ሺና፣ ስልኩን አስቀምጪ ብያለሁ!»

«ቆይ» አላት።

ቆየች። ባቡሩ ነቅነቅ አለና መሄድ ጀመረ። በግራ በኩል የስተርሊንግ ምሽግ ከዐለቱ ላይ ብቅ አለ። ስልኩ ነዘረ።

«ጋሼ? እየደረስን ነው።»

ጎንበስ አለና ከካልሲው ውስጥ፣ ለደንቡ ያህል የምትሻጠውን ትንሽ ቢላ መዝዞ ሰጣት። «ቋጠሮው ይጠብቅብሻል። ሚስቴ ድርብ ነው የምትቋጥረው።»

ልጅቱ ቆረጠችው፤ ክሩን ቀስ እያለች ትስበው ጀመር። ላክለን የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ውጭ ተመለከተ። ስፌቱ አንድ በአንድ ሲለቅ ከጭኑ ጀርባ ይሰማዋል። ለኤይሊ ክርስትና፣ ለወንድሙ ሠርግ፣ ለአባቱ ቀብር፣ ኪልቱ ሁልጊዜ አልጋው ላይ ተዘርግቶ ነበር የሚጠብቀው። ኤልስፔት አጠገቡ ቆማ፣ ጣቷ ላይ አንድ ነገር እየጠቀለለች «በል ፍጠን» ትለው ነበር። ምን እንደምትጠቀልል አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም።

«አለቀ!» አለች ልጅቱ። ክሩን አድቦልቡላ በባዶው ጣሳ ውስጥ ልትከተው ስትል እጁን ዘረጋ።

የባቡሩ በር ሲከፈት ነፋሱ ሽንሽኑን በአንድ ጊዜ ከፈተው። የጣቢያው መድረክ ላይ የሆነ ሰው አፏጨ። ላክለን አልዞረም። የስፌቱን ቅርጽ እንደያዘ ጥምዝምዝ ያለውን ክር በጠቋሚ ጣቱ ላይ እየጠቀለለ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ፈጠነ።